የወላጅ የሥራ ሰዓትና የልጅ ውሎ

ቤተሰብ የሕፃን የመጀመሪያ ትምህርት ቤት መሆኑ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ይህ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት በስንት ሰዓት እንደሚከፈትና በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ግን እምብዛም አይጠየቅም። በደመወዝ በሚተዳደር ቤተሰብ ውስጥ ይህን ሰዓት የሚወስነው አባትም እናትም ሳይሆኑ አሠሪው ነው። አባት ከልጁ ጋር የሚጫወትበት፣ እናት ልጇን የምታጠባበት፣ ሁለቱም የልጃቸውን ደብተር ገልጠው የሚያዩበት ጊዜ ሁሉ ከሥራ የተረፈው ጊዜ ነው። ስለዚህ የወላጆች የሥራ ኑሮ በቤተሰብና በልጆች ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ለመመርመር የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊመለከት የሚገባው ሰዓቱን ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው «እናት ከቤት ውጭ መሥራቷ ልጅን ይጎዳልን?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው ግን አነሣሡ የተቃና አይደለም። የአባትን ከቤት መዋል እንደ ተፈጥሮ ሕግ ቆጥሮ እናትን ብቻ ለፍርድ ያቀርባል፤ ከዚያም አልፎ ለአብዛኛው ቤተሰብ ምርጫ የሌለበትን ነገር እንደ ምርጫ ያየዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረና ከ1,300 በላይ ሕፃናትን ከተወለዱ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የተከታተለ አንድ ሰፊ ጥናት ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሞክሮ ነበር። በጥናቱ እንደ ታየው ሕፃኑ ቀኑን ከእናቱ ሌላ በሆነ ሰው እጅ መዋሉ ብቻውን በእናትና በልጅ መካከል ያለውን ትስስር አላላላም። ይልቁንም የሚያመዝነው የጠባቂው ሰው ሁኔታ፣ የቤቱ ኑሮና ወላጆች ከልጁ ጋር ባሉበት ሰዓት የሚያሳዩት ትኩረት ሆኖ ተገኘ። በማቆያ ውስጥ እጅግ ረጅም ሰዓት በሚውሉ ሕፃናት ላይ መጠነኛ የጠባይ ችግር መታየቱን ጥናቱ አልሸሸገም፤ ቢሆንም የልጁን ዕድገት ከሁሉ በላይ የሚያመለክተው ቤተሰቡ ራሱ መሆኑን አሳይቷል።

እንግዲህ ጥያቄው እናት ትሥራ ወይስ አትሥራ የሚለው መሆኑ ቀርቶ፣ ወላጅ በሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ልጁ በማን እጅ ይውላል ወደሚለው ይሸጋገራል። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በኢትዮጵያ ሲጠየቅ የሚገኘው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በሌላ ልጅ እጅ ይውላል።

የሥራ ቦታና የመኖሪያ ቦታ

በእርሻ በሚተዳደር ቤተሰብ ዘንድ የሥራ ቦታና የመኖሪያ ቦታ ብዙም አልተለያዩም። እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ታርማለች፣ ገበያም ትወጣለች። ልጁ ከጀርባ ሲወርድ በጓሮ ይውላል፤ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆነው ጥጃና በግ ይጠብቃል፤ ከፍ ሲል ከብት ይከተላል። ሴቷ ልጅ ደግሞ ራሷ ከአንቀልባ ከወረደች ብዙም ሳይቆይ ታናሿን ታዝላለች። ልጅ ከሥራ የተለየ ሕይወት የለውም፤ ሥራን የሚማረውም እያየና እየነካ ነው።

ይህን ኑሮ አሳምሮ ብቻ ማቅረብ ግን ስሕተት ይሆናል። የገጠሩ ሥራ ልጁን ከወላጁ ባይለየውም ከትምህርት ቤቱ ይለየዋል። የትምህርት ዘመኑ ረጅሙ ዕረፍት የሚውለው በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። አጨዳውና ውቂያው ግን ከክረምት በኋላ፣ ትምህርቱ ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይመጣል። በሲዳማ፣ በጌዴኦና በጅማ የቡና ለቀማው ወቅት የሚውለው ክፍሎች በሞቁበት ወራት ነው። በእነዚህ አካባቢዎች የሚያስተምር መምህር ከመምሪያው የሚላክለትን የትምህርት ካሌንደር ብቻ ሳይሆን የቡናውን መቅላት አይቶ የተማሪውን መቅረት አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል። ልጁ የሚቀረው ትምህርት ጠልቶ ወይም ወላጁ ትምህርትን ንቆ ነው ብሎ መደምደም ደካማ ፍርድ ነው፤ የዓመቱ ገቢ ያለው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነውና።

በከተማ የደመወዝ ሥራ ሲስፋፋ ነገሩ ተገለበጠ። ቢሮው፣ ፋብሪካውና የግንባታው ቦታ አንቀልባን አይቀበሉም። እናት ወደ ሥራ ስትገባ ልጇን ከበሩ ውጭ ትታ ነው። ከተሜው ቤተሰብ ከገጠር ሲመጣ ሥራውን ለውጧል፤ ልጅን የሚይዝለት አያት፣ አክስትና ጎረቤት ግን አብረውት አልመጡም።

የሕጉ ቁጥርና የሕፃኑ ዕድሜ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራ ሲኖር በቀን እስከ 4፣ በሳምንት እስከ 12 ሰዓት ሊጨመር ይችላል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። ቀደም ሲል በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 377 ከወሊድ በኋላ ይሰጥ የነበረው 60 ቀን ብቻ ስለ ነበር የ2011ዱ ሕግ አንድ ሙሉ ወር ጨምሯል ማለት ነው። ለአባትም 3 ተከታታይ ቀን ተፈቅዶለታል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያጸደቀው የወሊድ ጥበቃ ስምምነት የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን 14 ሳምንት፣ ማለትም 98 ቀን ነው። የኢትዮጵያው ሕግ 120 ቀን በመፍቀዱ ከዚህ በላይ እንጂ በታች አይደለም።

ሕጉ ስስታም አለመሆኑ በዚህ ይታያል። ችግሩ የሚታወቀው የሕጉ ቁጥር ከሕፃኑ ዕድሜ ጋር ሲተያይ ነው። ዘጠና ቀን ሲያልቅ ሕፃኑ ሦስት ወሩ ነው። የጤና ባለሙያዎች እናት ለልጇ ስድስት ወር ሙሉ ከጡት ወተት በስተቀር ሌላ ምንም እንዳትሰጥ ይመክራሉ። በሁለቱ መካከል የሦስት ወር ልዩነት አለ። በጤና ጣቢያ ምክሩን በጥሞና ያዳመጠች እናት ምክሩን ለመፈጸም በቀን ስምንት ሰዓት ከሥራ መቅረት ይኖርባታል፤ ይህን ደግሞ ማንም አልፈቀደላትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ይብሳል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ትምህርት ደንግጓል። ልጅ በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ይገባል ቢባል በትምህርት ሥርዓቱ እጅ የሚገባው በአምስት ዓመቱ ነው። ከሦስት ወር እስከ አምስት ዓመት ድረስ ያለው 4 ዓመት ከ9 ወር ለቤተሰቡ ብቻ የተተወ ጊዜ ነው። የሕፃናትን ዕድገት የሚያጠኑ ሁሉ አንደበት የሚፈታበት፣ ጠባይ የሚቀረጽበትና የማወቅ ጉጉት የሚነሣበት ዘመን ይህ መሆኑን ይስማሙበታል።

ትምህርት ቤት መግባትም ቢሆን ጉዳዩን አይዘጋውም። የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነች እናት ከጧቱ 2፡30 እስከ ማታ 11፡30፣ በመካከሉ አንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍት ይዛ፣ ሥራ ላይ ትውላለች። መኖሪያዋ ከከተማው ዳር ከሆነ ታክሲና አውቶቡስ የሚወስደው ጊዜ ሲጨመርበት ከቤት የምትወጣው በአንድ ሰዓት ገደማ፣ የምትመለሰውም እንዲሁ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የጧት ተራ የደረሰው ልጇ በስድስት ሰዓት ከክፍል ይወጣል። እንግዲህ ልጁ ከክፍል ከወጣበት እስከ እናቱ መመለሻ ድረስ ያለው ሰዓት በክፍል ውስጥ ከዋለበት ሰዓት ይበልጣል።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ማዘዙ በዚህ ረገድ ትልቅ እርምጃ ነበር። በዚሁም መሠረት በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ማቆያዎች ተከፍተዋል። ይሁን እንጂ ትእዛዙ የተሰጠው ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው። በግንባታ ቦታ አሸዋና ድንጋይ የምትሸከም የቀን ሠራተኛ፣ በጉልት ሽንኩርትና ድንች የምትቸረችር ሴት፣ በሰው ቤት ልብስ የምታጥብ እናት መሥሪያ ቤት የላትም። ሕፃኗን ይዛ ብትወጣ ከአሸዋው ክምር ጥግ ወይም ከጉልቱ ጆንያ ሥር ታስተኛዋለች።

እንዲህ ያለው ሁኔታ በሌላ አገርም ታይቷል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣችው የፋብሪካዎች ሕግ ከ50 በላይ ሴቶች የሚሠሩበት ፋብሪካ ማቆያ እንዲኖረው ደነገገች፤ በ1976 ደግሞ ቁጥሩን ወደ 30 ዝቅ አደረገች። ፋብሪካ ያልሆነው የግንባታ ቦታ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነበር። ሚራ ማሃዴቫን የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1969 በዴልሂ በአንድ የግንባታ ቦታ የሠራተኞች ልጆች ከአቧራው መካከል ተጥለው አይታ በዚያው ቦታ የመጀመሪያውን ተንቀሳቃሽ ማቆያ ከፈተች። የሐሳቡ ብልሃት ቀላል ነው። ሕንፃው ሲያልቅ ሠራተኞቹ ወደ ሌላ ቦታ ስለሚሄዱ ማቆያውም ተከትሏቸው ይሄዳል። ልጅን ወደ አገልግሎቱ ከማምጣት ይልቅ አገልግሎቱን ወደ እናት ሥራ መውሰድ ብዙ ሕንፃ በሚሠራባቸው ከተሞች ሁሉ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ክፍተቱን የሚሞላው ማን ነው?

ማቆያ በሌለበት፣ አያት በሩቅ ባለችበት፣ አባትም እንደ እናት ከቤት በዋለበት ሕፃኑን የሚይዝ ሰው መገኘት አለበት። በድኻው ቤት ይህ ሰው ታላቅ እህት ናት። አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጅ ታናሽ ወንድሟን አብልታ፣ ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ከሰልፍ በኋላ ትምህርት ቤት ትደርሳለች። ሕፃኑ ሲያተኩሰው ትቀራለች። እናት ገበያ ስትውል ትቀራለች። በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው «ቀሪ» የሚል ምልክት ብቻ ስለ ሆነ ምክንያቱ ከምልክቱ ኋላ ተደብቆ ይቀራል። በዓመቱ መጨረሻ ልጅቱ ክፍል ስትደግም «ሰነፍ» ትባላለች። ስንፍና ግን በዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የራቀው ከእርሷ ነው።

ጥቂት ገቢ ባለው ቤት ደግሞ ሕፃኑን የምትይዘው ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። የምትመጣው በዘመድ አማካይነት ወይም በደላላ በኩል ነው። ከወላጆቿ ስትለይ ብዙ ጊዜ «አስተምራታለሁ» የሚል ቃል ይሰጣል። ቃሉ ሁልጊዜ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ብዙ አሠሪዎች በቅን ልቡና ይሰጡታል፣ ልጅቱንም የማታ ትምህርት ያስመዘግቧታል። ቃሉን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ነው። የማታው ትምህርት የሚጀመረው መሥሪያ ቤቶች በሚዘጉበት ሰዓት ገደማ ነው። እመቤቲቱ ከሥራ የምትመለሰው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ከሆነ ልጅቱ ሕፃኑን አስረክባ ክፍል ስትደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልፏል። አውቶቡስ ሲዘገይ፣ ስብሰባ ሲራዘም፣ የበጀት መዝጊያ ሲደርስ እመቤቲቱ በሥራ ላይ የምትቆየው እያንዳንዱ ደቂቃ ከዚህች ልጅ ትምህርት ላይ የሚቀነስ ነው። ክፍል ከገባችም በኋላ ከንጋት ጀምሮ የቆመ ሰውነቷ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እንቅልፍ ያሸንፈዋል።

ሕጉም ለዚህች ልጅ በቂ ከለላ አልሆናትም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ መቀጠሪያ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ዓመት ከፍ አድርጓል፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 የሆኑ ወጣት ሠራተኞችም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ከልክሏል። የቤት ሠራተኝነትን ግን ከአዋጁ ወሰን አውጥቶ ዝርዝሩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን አሳልፎታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር ሠራተኛ ጤና፣ መኝታና ዕረፍት የሚናገሩ ጥቂት አንቀጾች አሉት፤ የሰዓት ቁጥር ግን አያስቀምጡም። ስለዚህ በፋብሪካ ብትቀጠር ከሰባት ሰዓት በላይ እንዳትሠራ የምትጠበቀው የ16 ዓመት ልጅ በሰው ቤት ስትቀጠር ቀኗ መጨረሻ የለውም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝነው ሰንሰለቱ ነው። የተማረችው እናት በመሥሪያ ቤት ወንበሯ ላይ የተቀመጠችው በትምህርቷ ነው። በወንበሯ ላይ እንድትቆይ የሚያደርጋት ግን ትምህርቷን ያላገኘች ሌላ ልጅ ናት። መምህርት የሆነች እናትም ከዚህ አታመልጥም፤ የሰው ልጆችን ስታስተምር የራሷን ልጅ ይዛ በቤት የምትውለው ልጅ ተማሪ መሆን የሚገባት ዕድሜ ላይ ትገኛለች። ለዚህ እናቲቱን መውቀስ ፍሬ የለውም። እርሷ ያላት ምርጫ ሥራዋን መተው ወይም ልጅቱን መቅጠር ነው፤ ሥራዋን ብትተው ደግሞ ሁለቱም ልጆች ሊደኸዩ ይችላሉ።

ሰንሰለቱ ባሕርም ይሻገራል። ከወሎ፣ ከጅማና ከአርሲ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ወደ ኩዌትና ወደ ተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች በቤት ሠራተኝነት የሄዱ እናቶች በዚያ የሰው ልጅ ሲያሳድጉ የራሳቸውን ልጅ አያት ታሳድጋለች። በዚህ ጊዜ ክፍተቱ በሰዓት ሳይሆን በዓመት የሚቆጠር ይሆናል። የምትልከው ገንዘብ የልጁን ደብተር፣ የደንብ ልብስና የቤቱን ቆርቆሮ ይገዛል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በወላጆች ስብሰባ ቀን ግን ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው ምናልባት ፊደል ያልቆጠረች አያት ናት፤ የልጁን ውጤት የሚያነብላት ልጁ ራሱ ነው።

ድካም ወደ ቤት ሲገባ

ወላጅ ከሥራ ከተመለሰ በኋላ ያለውም ሰዓት ሁሉ የልጅ ሰዓት አይደለም። ኤለን ጋሊንስኪ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ጥናት ከ3ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚማሩ ከ1,000 በላይ ልጆችን አንድ ጥያቄ ጠየቀች። ወላጆቻችሁ የሚሠሩበትን ሁኔታ በሚመለከት አንድ ምኞት ብቻ ቢፈቀድላችሁ ምን ትመኛላችሁ? ወላጆችም ልጆቻቸው ምን እንደሚመልሱ እንዲገምቱ ተጠየቁ። ከግማሽ በላይ የሆኑት ወላጆች «ልጆቻችን አብረናቸው የምንቆይበት ጊዜ እንዲጨምር ይመኛሉ» ብለው ገመቱ። ልጆቹ ግን ስለ እናቶቻቸው ሲጠየቁ ይህን የተመኙት 10 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ 34 ከመቶ ያህሉ የተመኙት እናታቸው በሥራዋ ምክንያት የሚደርስባት ጭንቀትና ድካም እንዲቀነስ ነው።

የአሜሪካ ቤተሰብ ኑሮ ከኢትዮጵያው የተለየ ስለ ሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ መጥቀስ አይገባም። ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ትምህርት ግን ለየትኛውም አገር ይሠራል። ወላጅ የሚቆጥረው ሰዓቱን ነው፤ ልጅ የሚያየው ፊቱን ነው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በሦስት ፈረቃ የሚሠራ ሥራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የሌሊት ተረኛ የሆነ አባት ቀን በቤቱ ይገኛል፤ በሰዓት ሲቆጠር ከልጆቹ ጋር ውሏል። ነገር ግን ተኝቷል። ልጆቹ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ድምፅ ሳያሰሙ መዋልን ይማራሉ፤ ከፍ አድርጎ ማንበብ፣ መጫወትና መጠየቅ «አባባ ይነቃል» ተብሎ ይከለከላል። ሕጉ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ ከልክሏል። ፈቃዷን ጨርሳ ስትመለስ ግን የሌሊቱ ተራ ይደርሳታል፤ ሕፃን ያለባት ቤት ደግሞ ቀን አያስተኛም።

ሥራ ሲጠፋ

የሥራ ሰዓት ልጅን ከወላጅ ይለያል ሲባል ሥራ ቢጠፋ ልጅ ከወላጁ ጋር ደስ ብሎት ይውላል ማለት አይደለም። ይህን ከሁሉ በተሻለ ያሳየው ከቪየና ከተማ ብዙ በማይርቅ ማሪየንታል በተባለ የኦስትሪያ መንደር የተደረገው ጥናት ነው። መንደሩ የሚተዳደረው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ ሲዘጋ ከ478ቱ ቤተሰቦች አብዛኞቹ ሥራ አጡ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ከባልደረቦቻቸው ጋር መንደሩን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1933 ውጤቱን አሳተሙ።

አባቶች ቀኑን ሙሉ ነፃ ነበሩ። በነፃው ጊዜ ግን ምንም አልሠሩበትም፤ መንገድ ላይ ሲሄዱ እንኳ እርምጃቸው አዝግሞ ብዙ ጊዜ ይቆሙ ነበር። የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የማስነበቢያ ክፍያውን ቢተውም የሚወጣው መጽሐፍ ብዛት በግማሽ ያህል ቀነሰ። ለመምህራን ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚስበው ግን ተመራማሪዎቹ የቤቱን ችግር በትምህርት ቤቱ በኩል ማየታቸው ነው። ልጆቹ ለዕረፍት ሰዓት ይዘውት የሚመጡትን ምግብ መዘገቡ፤ የድጎማው ገንዘብ ሊከፈል አንድ ቀን ሲቀረውና በተከፈለ ማግሥት የሚመጣው ምግብ የተለያየ ሆኖ ተገኘ። ልጆቹ ለገና በዓል ምን ስጦታ እንደሚመኙ እንዲጽፉ ተደረገ፤ የማሪየንታል ልጆች የጻፉት ምኞት ዋጋ ሲሰላ ሥራ ካለባቸው የአካባቢው መንደሮች ልጆች ምኞት ሢሶውን ያህል ብቻ ሆነ። አጻጻፋቸውም «ወላጆቼ ሥራ ቢኖራቸው ኖሮ» የሚል ዓይነት ነበር። ልጆቹ የወላጆቻቸውን አቅም አውቀው ምኞታቸውን ራሳቸው ቆርጠውታል።

ከክፍል ውስጥ የሚታየው

ከማሪየንታል የሚገኘው የዘዴ ትምህርት ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ በመሆኑ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ይስማማል። የቤተሰብ የሥራ ኑሮ በክፍል ውስጥ የሚታይ ምልክት አለው። የምሳ ዕቃው፣ የሚዘገየው ልጅና የሚቀርበት ቀን፣ በየትኛው ክፍለ ጊዜ እንደሚያንቀላፋ፣ የቤት ሥራው በማን እጅ ጽሑፍ እንደ ተሠራ ለሚያስተውል መምህር ሁሉ ይናገራሉ። አንድ መምህር የክፍሉን ቀሪዎች ለአንድ ሴሚስተር በየቀኑ ስም ከነምክንያታቸው ቢመዘግብ፣ የገበያ ቀን፣ የለቀማ ወር ወይም የደመወዝ መዳረሻ ሳምንት የራሱን መልክ ይዞ ብቅ ሊል ይችላል።

በአዲስ አበባ በ2012 የትምህርት ዘመን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የተማሪዎች ምገባ በብዙዎች ዘንድ የሚታየው ረኀብን ከማስታገስ አንጻር ነው። ከሥራ ሰዓት አንጻር ሲታይ ሌላም ጥቅም አለው። ቁርስና ምሳ በትምህርት ቤት ሲሰጥ ጎሕ ሳይቀድ የምትወጣ እናት ለልጇ ቁርስ የምታዘጋጅበት ሰዓት፣ ታላቅ እህትም ታናሿን ለማብላት ከክፍል የምትቀርበት ሰዓት ተመልሶላቸዋል።

ወጪ የማይጠይቁ ሌሎች ነገሮችም አሉ። የወላጆች ስብሰባ በሥራ ቀን ጧት ሲጠራ የሚመጣው ሥራ የሌለው ወላጅ ነው፤ የቀን ሠራተኛዋ እናት ለመምጣት የአንድ ቀን ሙሉ ደመወዝ ትከፍላለች። ካልመጣች ደግሞ «ለልጇ ግድ የሌላት» ትባላለች። በፈረቃ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የወንድማማችና የእኅትማማች ተማሪዎችን ተራ አስተያይተው ቢመድቡ ሕፃኑን የሚይዝ ሰው በሁለቱም ተራ በቤት ሊገኝ ይችላል፤ ወይም እንደ ቤቱ ሁኔታ ሁለቱ አብረው ሄደው አብረው ሊመለሱ ይችላሉ። የትኛው እንደሚሻል የሚታወቀው ቤተሰቡ ሲጠየቅ ብቻ ነው። የማታ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎቻቸው የሚሠሩት ቤት አሠሪዎች ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ጠይቀው፣ ሒሳብና ቋንቋን የመሰሉ መሠረታዊ ትምህርቶችን ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ቢያዛውሩ ብዙ ልጃገረዶች ከማያውቁት መካከል ጀምረው ከመከታተል ይድናሉ።

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሚሆነው የምዝገባ ቅጹ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ቅጹ የአባትን ስምና ሥራ፣ የእናትን ስምና አድራሻ ይጠይቃል። ልጁ ከክፍል ከወጣ በኋላ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ያ ሰው ስንት ዓመት እንደ ሆነውና ራሱ ትምህርት ቤት ይሂድ ወይም አይሂድ የሚጠይቁ ሁለት መሥመሮች ቢጨመሩበት፣ በአንድ ቀበሌ ውስጥ በማንኛውም መዝገብ ያልሰፈሩ ልጆች ስም በየትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት መሰብሰብ ይጀምራል።